ዓርብ ዓርብ በእግር የምንሄደው ለምንድን ነው?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ሥራ ላይ ያላችሁ ማታ አረፍ ስትሉ አንብቡት። ቀኖቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ኮር አምባዶ ላይ የተነሳነውን ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ ከሀገር ቤትም ከአውሮፓም መልእክት ሲጎርፍልኝ ሰነበተ። ግማሹ ምርቃት ነው፣ ግማሹ ወቀሳ። አክስቴ በድምፅ «ልጄ፣ እስከዛሬ የሄድሽው መንገድ አልበቃሽም ወይ?» ብላ ላከችልኝ። አንድ ወንድማችን «ሌላው ለወረቀት ይታገላል፣ እናንተ ሽርሽር ትወጣላችሁ» አለኝ። እዚሁ ዶራሌ ጎረቤቴ የሆነች እህት ደግሞ በዕረፍት ቀኗ መተኛት እንደሚሻላት ስትነግረኝ «መራመድ ለኛ ስፖርት አይደለም፣ ቁስል ነው» ብላኛለች። የሷ ቃል ሲመላለስብኝ ስለከረመ መልስ ልስጥ።

ቁስል መሆኑን ማን ይክዳል። ከመካከላችን ከወሎና ከራያ፣ ከሐረርጌ፣ ከጅማ ተነስቶ በጋላፊ ወይም በደወሌ በኩል በእግሩ የገባ ስንት አለ። ሌሊት እየሄዱ ቀን ድንጋይ ሥር መተኛት፣ ውኃ በክዳን እየለኩ መጠጣት፣ የደከመውን ጥሎ መሄድ። አሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ ያለ፣ ከመላው አፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ነው። ቱሪስቱ ነጩን ጨው ፎቶ ያነሳል። የኛ ልጆች ያንኑ ቦታ የሚያውቁት ውኃ ያለቀበት ስፍራ ብለው ነው። ከዚያ ታጁራ፣ ከታጁራ ኦቦክ፣ ከኦቦክ ጀልባ። በሚያዝያ 2024 በአሥራ አምስት ቀን ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ጎዶሪያ አጠገብ ሲሰጥሙ፣ የተሳፈሩት እኮ ከየመን ተስፋ ቆርጠው ወደዚህ የሚመለሱ ነበሩ። ሕፃናት ነበሩባቸው።

ስለዚህ የምለውን የምለው ይህን ረስቼ አይደለም። የምለው ይህ ነው፦ በፍርሃት የተሄደ መንገድ ሀገር አያሳይም። ሰው ሲሸሽ የሚያየው የፊተኛውን ሰው ተረከዝና የኋላውን የመኪና መብራት ነው። እዚህ ሀገር ሰባት፣ ስምንት ዓመት ኖረን ጅቡቲን የምናውቃት እንደ ኮሪደር ነው፤ በአንዱ በር ተገብቶ በሌላው የሚወጣበት። ኮሪደር ውስጥ ደግሞ ማንም አይቀመጥም፣ ማንም ዘር አይዘራም፣ ማንም ከጎረቤቱ ጋር አይተዋወቅም። ሳንሄድም ሳንቀመጥም ዕድሜያችን ያልፋል። ያ ነው የሚያሳስበኝ። መራመዱን ትተን ክፍላችን ውስጥ ብንተኛ ቁስሉ ይሽራል ያለው ማን ነው?

ዶራሌን ለማታውቋት ዘመዶቼ ትንሽ ልንገራችሁ። ከጅቡቲ ከተማ በስተምዕራብ፣ ባሕሩ ዳር ናት። የኮንቴይነር ወደቡ ሥራ የጀመረው 2009 ላይ ነው፤ ሁለገብ የሚባለው ወደብ 2017 ላይ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት የቻይና ጦር ሰፈር አጠገቡ ተተከለ። ሀገር ቤት የምትገዙት ስንዴ፣ ብረት፣ ማዳበሪያ አብዛኛው በዚህ በኛ አፍንጫ ሥር ያልፋል። ከቤት ስወጣ የማየው ክሬን ነው፣ ከዚያ አጥር፣ ከዚያ የኢትዮጵያ ታርጋ የለጠፈ ከባድ መኪና በሰልፍ፣ ከዚያ አቧራ። እህቶቻችን ዓርብ ስትደርስ ብቻ ነው ከሰው ቤት የሚወጡት። ስድስት ቀን በሰው ወጥ ቤት፣ ሰባተኛው ቀን በዚህ አቧራ መካከል ተኝቶ ስልክ ማየት! ሰውነት እንዲህ ሆኖ ጤና ይሆናል ብሎ መጠበቅ ለኔ አይገባኝም።

ከዚህ አጥር ጀርባ ግን ሀገር አለ።

እኛ የጀመርነው በኮር አምባዶ ነው። በባልባላ በኩል የሚመጣውን ሚኒባስ እስከ መጨረሻው ፌርማታ እንሄድበታለን፣ ከዚያ በእግር። የከተማው ሚኒባስ ዋጋ የሻይ ዋጋ ነው፤ የሚከብደው ዋጋው አይደለም፣ ሰዓቱ ነው። ጠዋት በገፍ አለ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ጀምሮ ግን፣ ጅቡቲ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፣ የሀገራችን ጫት ከተማ ይገባና ሾፌሩም፣ ረዳቱም፣ ተሳፋሪውም ሐሳቡ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ ሕጋችን አንድ ነው፦ ጎህ ሲቀድ መውጣት፣ ከሰባት ሰዓት በፊት ፌርማታ ላይ መገኘት። የተከራከረኝ አለ፤ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ቆሞ ገባው።

መንገዱ መጀመሪያ ላይ ምንም አያምርም። ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ የላስቲክ ከረጢት የለበሰ ግራር፣ ፍየል። ሀገር ቤት ጦቢያው የምንለው ወተት የሚያወጣው ተክል እዚህም አለ፤ አንዷ ልጅ ስታየው እንደ ዘመድ ጮኸችለት። አንድ ሰዓት ያህል ስትሄዱ የወደቡ ድምፅ ይጠፋል። ያኔ ሁላችንም ሳንነጋገር ዝም አልን። ጆሮዬ ውስጥ ለዓመታት የሚጮኸው የመኪና ሞተር እንጂ የራሴ ጭንቅላት እንዳልሆነ ያወቅሁት እዚያ ነው። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ይወርድና ጥቁር ገደል መካከል ባሕሩ ይታያል፤ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ። ማዶ የጎዳ ተራራ። በመኪና የመጡ ቤተሰቦች ምንጣፍ አንጥፈው ሩዝ ይበላሉ። አንዲት የሶማሊ እናት ጠርታ ውኃ ሰጠችን፣ ከየት እንደመጣን ጠየቀችን። ከዶራሌ ስንላት «በእግራችሁ?» ብላ ሣቀች። ተመልከቱ፦ ከኢትዮጵያ አላልናትም፣ ከዶራሌ አልናት። ማንም ያስጠናን ሳይኖር ነው።

እዚያ ስትቆሙ ቀና በሉ። አሁን ኅዳር ነው፣ የንስር ወቅት ነው። ከአውሮፓና ከእስያ የሚሰደዱት ንስሮችና ጭልፊቶች በየመን በኩል መጥተው ባብ ኤል መንደብን የሚሻገሩት በመጸው ነው፤ 1987 ላይ ተቀምጠው የቆጠሩ ሰዎች በአንድ ወቅት ብቻ ሩብ ሚሊዮን ገደማ ቆጥረዋል። ሰፊ ባሕር አይወዱም፣ ሙቅ አየር የሚያነሳቸው የብስ ላይ ስለሆነ ጠባቡን ቦታ ይመርጣሉ። የኛ ሰው በሌሊት የሚሻገረውን ያንኑ ውኃ እነሱ በጠራራ ፀሐይ በተቃራኒው ይሻገሩታል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ «ፓስፖርት ማን ሰጣቸው?» አሉ።

ሌሎች ቦታዎችም አሉ። ሩቅ መሄድ ለማትችሉ፣ በተለይ ሕፃን ላዘላችሁ፣ አምቡሊ ደረቁ ወንዝ ዳር ያሉት የተምርና የአትክልት ቦታዎች ከከተማው ሳትወጡ ጥላ ይሰጧችኋል። አንድ ነገር ብቻ፦ በስተምዕራብ ተራራው ላይ ደመና ከጠቆረ ከወንዙ አሸዋ ውጡ። እዚህ ሳይዘንብ እዚያ ዘንቦ ይደርሳል፤ በሚያዝያ 2004 ይኸው ወንዝ ብዙ ሰው ወስዷል። ሙቀቱ ያማረረው ደግሞ ወደ አርታ የሚወጣውን ሚኒባስ ይያዝ። አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከባሕር ወለል ከ700 ሜትር በላይ ስለሆነ ነፋሱ ደሴን ያስታውሳል፣ ትንሽ ካጋነንኩ ይቅርታ። ሆልሆል ሠፈር ያላችሁ ወገኖች ሚኒባስም አያስፈልጋችሁም። የድሮው የፍራንኮ ኢትዮጵያ ባቡር የብረት ድልድይ እዚያው ነው። እኔ ብሆን በየሳምንቱ ማታ ማታ እሄድ ነበር።

ባቡር ካልኩ አይቀር ስለ አንድ ስደተኛ ላውራ። በግንቦት መጀመሪያ 1936 ጣሊያን አዲስ አበባ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ጃንሆይ በዚያ በድሮው ባቡር ጅቡቲ ገቡ፣ ከዚህ ወደብ ኤንተርፕራይዝ በተባለ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ሄዱ። በመጨረሻ ያረፉት እንግሊዝ ሀገር ባዝ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ፌርፊልድ በሚባል ቤት ነው። እስከ 1940 እዚያ ቆዩ። ቤቱን በኋላ፣ በ1958፣ ለከተማው አረጋውያን እንዲሆን ሰጥተውታል። ሰው ስለሳቸው የወደደውን ይበል፣ ዛሬ ወደዚያ ክርክር አልገባም። እኔን የሚገርመኝ ስደተኛ ሆነው የኖሩበት ከተማ እስከ ዛሬ የሚያወራላቸው ከጄኔቫው ንግግር ይልቅ እንደ ጎረቤት መሆኑ ነው። የኖሩበት ቦታ ሆነ፣ ያለፉበት አይደለም። ጅቡቲ ግን የታሪካቸው አንድ መስመር ናት፦ «በጅቡቲ በኩል ወጡ»። እኛም እንደዚያ እንዳንሆን ነው የምፈራው።

እንግሊዝ ያላችሁ ዘመዶቼ፣ አሁን ወደናንተ ዞርኩ። ሼፊልድ ያለች አብሮ አደጌ የጥገኝነት ውሳኔ ስትጠብቅ ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። መሥራት አልተፈቀደላትም። ክረምቱን በሙሉ መጋረጃ ዘግታ ነበር የምትደውልልኝ። አንድ ቀን ግን በቪድዮ ስትደውል ከኋላዋ አረንጓዴ አየሁ። በ272 ቁጥር አውቶቡስ ከሼፊልድ ተነስታ በሀዘርሴጅ በኩል ካስልተን የምትባል መንደር ወርዳ፣ ማም ቶር የሚሉት ተራራ ላይ ወጥታለች። ተራራ የሚሉት 517 ሜትር ነው! እንጦጦን ያየ ሰው ይሥቃል። ስሙ ግን «እናት ኮረብታ» ማለት ነው አለችኝ፤ ይህን ስሰማ መሣቄን ተውኩ። ከኮረብታው ሥር ድሮ ትልቅ የመኪና መንገድ ነበር፤ መሬቱ እየተንሸራተተ ሲሰብረው በ1979 ለመኪና ዘጉት። አሁን በተሰነጣጠቀው አስፋልት ላይ የሚሄደው እግረኛና በግ ነው። ከዶራሌ የከባድ መኪና ሰልፍ መካከል ሆኜ ይህን ማየት እንዴት እንዳስቀናኝ አልነግራችሁም።

ከሁሉ ያስደነገጣት የእግር መንገዱ በሰው እርሻ መካከል ማለፉ ነው። እኛ የገበሬ ልጆች ነን፤ የሰው ማሳ ውስጥ መግባት ምን እንደሚያስከትል እናውቃለን። ባለቤቱ ዱላ ይዞ ይመጣል ብላ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ከኋላዋ የመጡ ሽማግሌ ባልና ሚስት በሩን ከፍተው አሳልፈው መልሰው ዘጉትና «ደህና ዋይ» ብለዋት ሄዱ። ሕጉ እንዲህ ነው፦ በእንግሊዝና በዌልስ 225 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ለሕዝብ የተጠበቀ ነው፣ መሬቱ የማንም ይሁን። ማንነትሽን የሚጠይቅ የለም። በሩን መልሶ መዝጋት ብቻ ነው ግዴታው።

ይህ ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ለዚህ ነው ለናንተ የምተርከው። ማም ቶር አጠገብ ኪንደር ስካውት የሚባል ከፍታ አለ። የመኳንንት የአደን ቦታ ነበር፣ ለፋብሪካ ሠራተኛ ክልክል። በሚያዝያ 24 ቀን 1932 ከማንቸስተርና ከአካባቢው የመጡ አራት መቶ ያህል ወጣቶች ክልከላውን ጥሰው ወጡበት። መሪያቸው ቤኒ ሮትማን የሃያ ዓመት ልጅ፣ ከሩማንያ የመጡ አይሁድ ስደተኞች ልጅ ነበር። ፖሊስ ባቡር ጣቢያውን ስለጠበቀ በብስክሌት መጣ። አምስቱ ታሰሩ፣ እሱ አራት ወር ተፈረደበት። በ1951 ያ አካባቢ የእንግሊዝ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ ተራራና ሜዳ ላይ በነፃ የመሄድ መብት የሚሰጠው ሕግ የወጣው ደግሞ በ2000 ነው። እንግዲህ ዛሬ አብሮ አደጌ የምትሄድበትን መንገድ ካስከፈቱት አንዱ የስደተኛ ልጅ ነው። «ይሄ የነጮች ነገር ነው» የምትሉኝ ይህን ያዙልኝ።

ገንዘቡ እንደሚከብድ አውቃለሁ። በ2023 የአውቶቡስ ጣሪያ ዋጋ ሁለት ፓውንድ ሆኖ ሁላችሁም ደስ ብሏችሁ ነበር፤ በ2025 ሦስት ገባ። ቤት ተሰጥቶት ራሱ ለሚያበስል ጥገኝነት ጠያቂ በ2024 የተወሰነው በሳምንት 49 ፓውንድ ከ18 ፔንስ ነው። ደርሶ መልስ ስድስት ፓውንድ ማለት ከሳምንቱ ስምንተኛ እጅ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ሂዱ አልልም። በወር አንድ ጊዜ፣ ከሰው ጋር፣ እንጀራ ጠቅልላችሁ። መኪና ያላችሁ ደግሞ፣ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያንና ሠርግ ብቻ አትዙሩበት፤ ሆቴል ውስጥ የተቀመጠ አንድ ልጅ ጭናችሁ ውሰዱ።

ወደ ጅቡቲ ልመለስ። ያ «እናንተ ሽርሽር ትወጣላችሁ» ያለኝ ወንድም አንድ ነገር ላይ እውነት አለው፦ መራመድም ወረቀት ይጠይቃል። በጥር 2017 የወጣው የጅቡቲ የስደተኞች ሕግና በዚያው ዓመት መጨረሻ የተከተሉት ድንጋጌዎች ለስደተኛ የመሥራት፣ የመማርና በሀገሩ ውስጥ የመንቀሳቀስ መብት ይሰጣሉ። ጥሩ ሕግ ነው፤ ብዙ ሀብታም ሀገር የሌለው ሕግ ነው። ኬላ ላይ ያለው ልጅ ግን ሕጉን አላነበበ ይሆናል። ባለፈው ጥር ካርዳችንን እያሳየን ከሚኒባስ አውርደውን አንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ አቁመውናል። የት እንደሆነ አልጽፍም፤ ጠብ ለመጫር አይደለም። ነገር ግን ከተወካዮች ጋር ስብሰባ ስንቀመጥ ሁልጊዜ የምናነሳው ራሽን፣ ሕክምና፣ ሦስተኛ ሀገር ነው። መንቀሳቀስ ዝርዝሩ ውስጥ አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም። ለምን? ምክንያቱም አንንቀሳቀስም። የማይሠራበት መብት መጓደሉም አይታወቅም። እኔ ዓርብ ዓርብ መሄዳችንን ከትግሉ እንደ ማምለጥ የማላየው ለዚህ ነው። በአርታ መንገድ በወር አራት ጊዜ ካርድ ይዞ የሚያልፍ ስደተኛ፣ ለኬላው ልጅ ከማንኛውም ሥልጠና በላይ ያስተምረዋል።

ካርድ የሌላችሁ፣ በተለይ በናጋድ ያለፋችሁ፣ ወደ አርታ አትምጡ። ይህን ስጽፍ ልቤ እየከበደው ነው፤ ግን አንድ ሽርሽር ብላችሁ ድንበር ላይ እንድትጣሉ አልፈልግም። አምቡሊ ይበቃል ለጊዜው።

ሌላው ጥያቄ ከአንድ ድርጅት ነው የመጣልኝ። «ሐሳቡን ፕሮጀክት እናድርገው፣ ቲሸርት እናሳትም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይኑር» አሉ። በቅንነት ነው ያሉት። እኔ ግን እምቢ ብያለሁ። ፕሮጀክት ሲሆን ፊርማ ይኖራል፣ ፊርማ ካለ አበል ይጠየቃል፣ አበሉ ሲቆም መንገዱም ይቆማል። ከዚያም በላይ፣ ተራራ ላይ ስወጣ ታካሚ ሆኜ መውጣት አልፈልግም። ሰው ሆኜ ነው የምወጣው። ሊረዱን ከፈለጉ ለልጆቹ ጫማ ይግዙ።

ለባሎችና ለወንድሞች ደግሞ አንዲት ቃል። እህታችሁ ዓርብ ከሴቶች ጋር ወጥታ ስትመለስ «የት ነበርሽ» ብላችሁ እንደ መርማሪ አትቀመጡ። ኑና አብራችሁ ሂዱ፤ ከኋላ ሆናችሁ ውኃ ተሸከሙ። ጎረቤቴ፣ ያቺ «ቁስል ነው» ያለችው፣ እስካሁን አልመጣችም። አልጫናትም። መሄድ የማይሆንለት ሰው አለ፤ እግሩን ሲያነሳ የሚያየው ሌላ ነገር ነው። እሷ ግን ባለፈው ዓርብ ስንወጣ በር ላይ ቆማ የተቀቀለ እንቁላል በላስቲክ አድርጋ ሰጠችን፣ ከዚያ «ባሕሩ ምን ይመስላል?» ብላ ጠየቀች። ፎቶ ላሳያት ስል ፎቶ አልፈለገችም፤ ንገሪኝ አለች። ነገርኳት።

የፊታችን ዓርብ ኮር አምባዶ ነን። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እኛ ሠፈር ሱቁ በር እንገናኛለን፤ 12 ሰዓት ላይ ያልመጣ አይጠበቅም። በነፍስ ወከፍ ሁለት ሊትር ውኃ፣ ጨርቅ ለራስ፣ ካርድ ያለው ካርዱን። ነጠላ ጫማ አይሆንም፣ ድንጋዩ ይቆርጣል። እስካሁን አሥራ አንድ ሰው ነን፣ አራቱ ልጆች ናቸው። 30 ቁጥር የልጅ ጫማ ትርፍ ያለው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።